ሰነድን በስሙ መጥራት፤ የኮምፒዩተር የአጠቃቀም መመሪያ ታሪክና የይፋት ቆላ ትምህርት ቤቶች

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት አገልግሎት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱ ይታወሳል። በዚያን ጊዜ በትምህርት ሥራ ላይ ከደረሱት ጉዳቶች አንዱ ከውጭ ለሚያይ ሰው ጉዳት የማይመስል ነበር። የኮምፒዩተር ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል መሣሪያው አለ፤ መብራት ባለበት ሰዓትም ይሠራል፤ መምህሩም ተማሪውም በቦታቸው ናቸው። የጠፋው የሚጠየቅ ነገር ነው። አንድ ትእዛዝ እንዴት እንደሚጻፍ፣ አንድ ፕሮግራም ምን ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ፊትን ወደ ኢንተርኔት ማዞር ከተለመደ ወዲህ፣ መስመሩ ሲቋረጥ ዕውቀቱም አብሮ የተቋረጠ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ለአብዛኛው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሰነድ በዚያው መሣሪያ ውስጥ ተቀምጦ በስሙ እስኪጠራ ይጠብቅ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ በውስጡ መቀመጥ ሲገባው ማንም ሳያስገባው ቀርቷል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የራሱ ታሪክ አለው።

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከጣርማ በር ቁልቁለትና ከደብረ ሲና በታች፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። አካባቢው በቀድሞው የአስተዳደር አከፋፈል የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ነበር። መሬቱ መስኖ የገባለት፣ ሽንኩርትና ማንጎ የሚያበቅል፣ የትምባሆም እርሻ ያለበት ቆላ ነው። ሙቀቱና አቧራው ለኮምፒዩተር የሚመች እንዳልሆነ እዚያ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህም የከፋው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የደረሰው ነው። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በሰሜን በኩል የምትገኘው የአጣዬ ከተማ ተቃጠለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ዘልቆ ነበር። ወረቀት በተቃጠለበትና መስመር በተቆረጠበት አገር «ዕውቀቱ የት ተቀምጧል?» ብሎ መጠየቅ ቅንጦት ሊባል አይችልም።

የቀደመው ልማድ

ሰነድን በስሙ ጠርቶ ማግኘት ለአካባቢው እንግዳ አሠራር አይደለም። ከይፋት ቆላ በላይ ባሉት በደብረ ሲና፣ በአንኮበርና በመንዝ ደጋዎች የአብነት ትምህርት የሚማር ተማሪ የብራናውን መጽሐፍ በገጽ ቁጥር አይፈልገውም። ጸሎቱን ወይም ምዕራፉን በመነሻ ቃሉ ይጠራዋል፤ መነሻው ስም ሆኖ ቀሪውን ይስበዋል። የድጓው አሠራር ደግሞ ከዚህም ይረቃል። ከንባቡ በላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈው ምልክት ከሌላ የታወቀ ንባብ ተቆርጦ የተወሰደ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ነው። ይህ ፊደል ዜማውን ራሱን አይጽፍም፤ ዜማው የሚገኝበትን ንባብ በአጭር ስም ይጠራል እንጂ። ተማሪው ያንን ንባብ ከነዜማው በቃሉ የያዘ እንደሆነ ምልክቱን ባየ ጊዜ ዜማው ይመጣለታል፤ ካልያዘ ግን ምልክቱ ለእርሱ ድምፅ የሌለው ፊደል ሆኖ ይቀራል። ትውፊት ይህን ሥርዓት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559) ከነበሩት ከአዛዥ ጌራና ከአዛዥ ራጉኤል ጋር ያያይዘዋል። ምልክቶቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው።

በቆላው በኩልም በአርጎባውና በሌላው ሙስሊም ኅብረተሰብ ዘንድ የቂርአት ተማሪ ኪታቡን በስሙ ጠርቶ በሸኹ ፊት ይቀራል። ዋናው ንባብ፣ ማለት መትኑ፣ በመካከል ተጽፎ ማብራሪያው፣ ማለት ሸርሑ፣ በኅዳጉ ዙሪያ የሚሰፈርበት የአጻጻፍ ልማድም አለ። ዓይን ከመካከሉ ወደ ኅዳጉ፣ ከኅዳጉም ወደ ሌላ ኪታብ ይሻገራል።

እነዚህ ሁለት ልማዶች በሃይማኖት ቢለያዩም የሚጋሩት አንድ ጠባይ አላቸው። ስሙን ለሚያውቅ ሰው መንገዳቸው እጅግ አጭር ነው፤ ስሙን ለማያውቅ ግን በሩ የተዘጋ ነው። ስለዚህም ከመጽሐፉ አጠገብ መምህር ይቀመጣል። የኮምፒዩተሩ ታሪክ ሲነሣ ይህንኑ ጸጋና ይህንኑ ችግር ይዞ ተነሥቷል፤ መምህሩን ግን ብዙ ጊዜ ረስቶታል።

ከ«ማን» እስከ ተሻጋሪው ጽሑፍ

የትእዛዝ መስመር ማለት ተጠቃሚው በሥዕልና በማውስ ሳይሆን ቃል ጽፎ ኮምፒዩተሩን የሚያዝበት መንገድ ነው። በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የተባለውን የኮምፒዩተር አሠራር ሥርዓት ከሠሩ በኋላ የመጀመሪያው የአጠቃቀም መመሪያ እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1971 ወጣ። መመሪያው እንዲጻፍ አጥብቀው የገፋፉት የክፍሉ ኃላፊ ዳግላስ ማክኢልሮይ ነበሩ። መመሪያው በሰባት ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ክፍል ስለ ትእዛዞች፣ ሁለተኛው ፕሮግራሞች ከሥርዓቱ ስለሚጠይቁት አገልግሎት፣ አምስተኛው ስለ ፋይሎች አቀራረጽ ይናገር ነበር፤ የቀሩትም እንዲሁ የየራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው። እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱን ገጽ ያገኛል፤ ገጹም ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ይጻፋል። ስም፣ የአጻጻፍ ሥርዓት፣ ማብራሪያ፣ ተዛማጅ ፋይሎች፣ «እነዚህንም ተመልከት»፣ በመጨረሻም «ጉድለቶች» የሚሉ ርእሶች ይከታተላሉ። የመጨረሻው ርእስ በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። አንድ መሥሪያ ቤት ባወጣው መመሪያ ላይ የሠራው ነገር የት የት እንደማይሠራ ራሱ ጽፎ መገኘቱ በየትም አገር ብርቅ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ይኸው የታተመ መመሪያ በመሣሪያው ውስጥ ተቀመጠና በስሙ የሚጠራበት ትእዛዝ ተሠራለት። ትእዛዙ መመሪያ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በሦስት የላቲን ፊደላት ያሳጠረ ሲሆን፣ አነባበቡ «ማን» ነው። በአማርኛ ጥያቄ ሆኖ መገኘቱ አጋጣሚ ብቻ ቢሆንም ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ አይገኝም። ፋይል የሚቀዳው ትእዛዝ «ሲፒ» ይባላል፤ «ማን ሲፒ» ብሎ የጻፈ ሰው «ሲፒ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ያህል ነው፤ መልሱም ወዲያው በስክሪኑ ላይ ይወጣል። አንድ ስም በሁለት ክፍሎች ውስጥ ሲገኝ ከስሙ ፊት የክፍሉ ቁጥር ይጻፋል። ስለ ይለፍ ቃል መቀየሪያው ትእዛዝ የሚናገረው ገጽና ስለ ይለፍ ቃሉ ፋይል የሚናገረው ገጽ በስም አንድ ሆነው የሚለዩት በቁጥር ብቻ ነው፤ አንዱ በ1ኛው፣ ሌላው በ5ኛው ክፍል ይገኛል። ስሙን ለማያውቅ ደግሞ «አፕሮፖ» የሚባል ረዳት ትእዛዝ ኋላ ተጨምሯል፤ ይህም አንድ ቃል ተቀብሎ ያ ቃል በአጭር መግለጫቸው ውስጥ ያለባቸውን ገጾች ስም ይዘረዝራል። ከመጽሐፉ አጠገብ የሚቀመጠውን መምህር ለመተካት ከተደረጉት ሙከራዎች ይህ ቀዳሚው ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ አሠራር «እነዚህንም ተመልከት» የሚለው ርእስ አንባቢውን ወደ ሌላ ገጽ ይጠቁመዋል እንጂ አያሻግረውም፤ አንባቢው ራሱ ወጥቶ አዲሱን ስም መጻፍ አለበት። ማሻገሩን የሚመለከተው ሐሳብ ከሌላ ቦታ መጣ። ቴድ ኔልሰን የተባሉት አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ «ሃይፐርቴክስት» የሚለውን ቃል ፈጠሩ፤ ቃሉም በውስጡ ካለ ቃል ወይም ምልክት ተነሥቶ ወደ ሌላ ጽሑፍ የሚወስደውን፣ ተሻጋሪ ልንለው የምንችለውን ጽሑፍ ያመለክታል። ዳግላስ ኤንግልባርት ደግሞ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ በተደረገ ትልቅ ስብሰባ ላይ አሠራሩን በተግባር አሳዩ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1970ዎቹ «ኢንፎ» የተባለ የተሻጋሪ ሰነድ ማንበቢያ ተሠራ፤ ኋላም ሪቻርድ ስቶልማን በመሠረቱት የግኑ ፕሮጀክት አማካይነት ተስፋፋ። በኢንፎ እያንዳንዱ ክፍል «ቀጣይ»፣ «ቀዳሚ» እና «ላይ» የሚሉ መሸጋገሪያዎች አሉት። አንባቢው ከትእዛዝ መስመሩ «ኢንፎ» ብሎ የሰነዱን ስም ሲጨምር ሰነዱ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ስም ሳይጽፍ ከክፍል ወደ ክፍል ይዘዋወራል።

ኢንፎ በአሠራሩ ከ«ማን» የላቀ ሆኖ ሳለ የተጠቃሚውን ፍቅር አላገኘም። የመዘዋወሪያ ቁልፎቹን ለማወቅ ራሱን የቻለ ትምህርት ያስፈልግ ነበርና፣ ቸኩሎ የመጣ ሰው አንድ ገጽ አንብቦ መሄድን መረጠ። ይህ ለትምህርት መሣሪያ አዘጋጆች የሚነግረው ነገር አለ፤ ለመከፈት የሚያስቸግር ጥሩ ሰነድ ሳይነበብ ይቀራል። ያም ሆኖ እስከ ዛሬ በብዙ የግኑ ትእዛዞች የ«ማን» ገጽ ግርጌ ሙሉው ሰነድ በኢንተርኔት አድራሻ እንደሚገኝ ከተገለጸ በኋላ፣ በዚያው መሣሪያ ውስጥም በኢንፎ ሊከፈት እንደሚችል የሚያሳውቅ አንድ መስመር ይገኛል። የኢንተርኔት መስመር በሌለበት ክፍል ከገጹ ሁሉ የሚበልጠው ይህች መስመር ናት።

ዛሬ ድረ ገጽ የሚባለው ነገር ራሱ ከትእዛዝ መስመር ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ቲም በርነርስ-ሊ በስዊዘርላንድ በሚገኘው ሰርን በተባለው የኑክሊየር ምርምር ተቋም የሠሩት የመጀመሪያው የድረ ገጽ ማሳያ በአንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ይሠራ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ እንዲደርሰው ያደረገው ኒኮላ ፔሎ የተባለች ተማሪ የሠራችውና በ1991 ለአገልግሎት የበቃው ማሳያ ነው። ይህ ማሳያ ሥዕል የለውም፤ ማውስም አይፈልግም። ጽሑፉን በመስመር በመስመር ያወጣል፤ መሸጋገሪያ ባለበት ቃል አጠገብ በቅንፍ ቁጥር ያስቀምጣል፤ አንባቢው ቁጥሩን ሲጽፍ ወደዚያ ገጽ ይሻገራል። በተከታዩ ዓመት በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ «ሊንክስ» የተባለው የጽሑፍ ብቻ ማሳያ ተሠራ፤ ዛሬም ዕድሜው በገፋ ኮምፒዩተር ላይ ሳይቸገር ይሠራል።

በቢሮና በትምህርት ቤት በብዛት ለተሠራበት ለዶስ ደግሞ ነገሩ በ1993 በስድስተኛው እትም ተሟላ። በጥቁሩ ስክሪን ላይ «ሄልፕ» ብሎ አጠገቡ የትእዛዙን ስም የጻፈ ተጠቃሚ ስለዚያ ትእዛዝ የሚናገር ተሻጋሪ ገጽ ይከፈትለታል፤ በገጹ አናት ላይ ካሉት መሸጋገሪያዎች አንዱ ወደ ማስታወሻው፣ ሌላው ወደ ምሳሌው ይወስዳል። ሰነዱ ከመሣሪያው ጋር በዲስኬት የሚመጣ ስለነበር ከስልክ መስመር ጋር አይገናኝም። በዚህ ረገድ የ1993 ተማሪ ከ2016ቱ የይፋት ተማሪ የተሻለ አገልግሎት ያገኝ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም።

በኢትዮጵያ

በአገራችን የሰነድ አያያዝን ከኮምፒዩተር ጋር ያገናኘው ቀደምት ሥራ በአዲስ አበባ በአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመው ፓዲስ በመባል የሚታወቀው የመላ አፍሪካ የሰነድና የመረጃ ሥርዓት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1985 ለአነስተኛ ኮምፒዩተሮች ያወጣውና በነፃ ያሠራጨው «አይሲስ» የተባለው የሰነድ መዝጋቢ ፕሮግራምም በአዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት ዘንድ የታወቀ ሆነ። አይሲስ ሰነዱን ራሱን አይከፍትም፤ በተጻፈለት ቃል መሠረት የሰነዱን መዝገብ ያወጣል፤ ሰነዱ ያለው በመደርደሪያው ላይ ነው። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የበቃው ከዚያ በኋላ በ1989 ዓ.ም. ነው።

የግእዝ ፊደልን በኮምፒዩተር ለመጻፍ የተደረገው ጥረት በአገር ውስጥም በውጭም በብዙ እጆች የተሠራ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚቀርበው ግን በጀርመን በሐምቡርግ የተሠራው ነው። ብርሃኑ በየነ፣ ማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ኦላፍ ኩመርና ዮኸን ሜትሲንገር በትእዛዝ ቋንቋ የሚሠራው ቴኽ የተባለው የኅትመት ሥርዓት አማርኛን እንዲያትም የሚያስችል ጥቅል አዘጋጁ፤ «ኢትዮፕ» ተብሎም በዓለም አቀፉ የቴኽ ማከማቻ ውስጥ ተቀመጠ። የቴኽ ሥርዓት ደግሞ «ቴኽዶክ» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ሥራውም የጥቅሉን ስም ተቀብሎ ሰነዱን ከዲስኩ ፈልጎ መክፈት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቅሉ ከነሰነዱ በተጫነበት መሣሪያ ላይ ተጠቃሚው «ቴኽዶክ ኢትዮፕ» ብሎ ሲጽፍ፣ አማርኛ በኮምፒዩተር እንዴት እንደሚታተም የሚያስረዳው መመሪያ ያለ ምንም ኢንተርኔት በፊቱ ይከፈታል።

በትምህርት ሚኒስቴር በኩል በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት የዚህ አሠራር ተቃራኒ ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት ከማእከል በሰዓቱ ይሠራጫል፤ መምህሩ ሊያስቆመው፣ ወደ ኋላ ሊመልሰው ወይም የትናንቱን ትምህርት በስሙ ጠርቶ ሊያስወጣው አይችልም ነበር። መብራት በጠፋበት ሰዓት ያለፈው ትምህርት አለፈ። ብዙ መምህራን በጊዜው ያሰሙት ቅሬታ ስለ ይዘቱ ብቻ አልነበረም፤ ከተማሪው ፍጥነት ጋር መጣጣም አለመቻሉንም ያካተተ ነበር። ከማእከል የሚፈስ ትምህርትና በስሙ የሚጠራ ትምህርት ልዩነታቸው በዚህ ይታወቃል፤ በመጀመሪያው ሰዓቱን የሚወስነው ላኪው ነው፤ በሁለተኛው ጠሪው ነው።

ሰነዱ ከመሣሪያው ሲወጣ

ኢንተርኔት በስፋት ከተዳረሰ ወዲህ የፕሮግራም አዘጋጆች ሰነዱን ከመሣሪያው አውጥተው በድረ ገጽ ማስቀመጥ ጀመሩ። ምክንያታቸው መጥፎ አይደለም። በዲስክ የተቀመጠ ሰነድ ያረጃል፤ በድረ ገጽ ያለው በየጊዜው ይታረማል። ዳሩ ግን ይህ ስሌት የተሠራው መስመር በማይቋረጥበት አገር ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው የማይክሮሶፍቱ ፓወርሼል ምሳሌ ነው፤ በዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ላይ ስለሚገኝ በትምህርት ቤቶቻችን ያሉትንም ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ «ጌት-ሄልፕ» የሚለውን ትእዛዝ ከስም ጋር ለጻፈ ሰው ሙሉ ማብራሪያ ያወጣ ነበር። በ2012 በወጣው በሦስተኛው እትም ግን የማብራሪያው ፋይሎች ከፕሮግራሙ ጋር መምጣታቸው ቀረ። ተጠቃሚው «አፕዴት-ሄልፕ» ብሎ ከኢንተርኔት ማውረድ አለበት። ይህ ባልተደረገበት መሣሪያ «ጌት-ሄልፕ» ሲባል የሚወጣው የአጻጻፉ አጽም ብቻ ነው፤ ማብራሪያም ምሳሌም የለውም። ተማሪው መልስ ያገኘ መስሎት ባዶ እጁን ይመለሳል። ሆኖም አዘጋጆቹ መስመር የሌለውን ሰው ፈጽሞ አልረሱትም፤ «ሴቭ-ሄልፕ» የሚል ትእዛዝ አኑረዋል። በዚህ ትእዛዝ መስመር ባለበት ቦታ፣ ለምሳሌ በደብረ ብርሃን ወይም በአዲስ አበባ፣ የማብራሪያው ፋይሎች በፍላሽ ዲስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ ፍላሹ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከዚያው ላይ ወደ እያንዳንዱ መሣሪያ ይጫናሉ። ሥራው ለአንድ ክፍል የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይሆንም። መሠራት ያለበት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ግን በዕቃ ግዢው ጊዜ መገኘት አለበት፤ በግዢ ዝርዝር ላይ ኮምፒዩተሩ፣ ጠረጴዛውና የመብራት መከላከያው ሲጻፉ ሰነዱ የሚጻፍበት ተራ ብዙ ጊዜ አይኖርም።

በዴቢያንና ከእርሱ በተወለዱት የሊኑክስ ሥርዓቶችም ብዙው ረዘም ያለ ሰነድ ከፕሮግራሙ ተለይቶ ራሱን በቻለ ጥቅል ይቀመጣል። ፕሮግራሙን የጫነ ሰው ሰነዱን ጫነ ማለት አይደለም። በአንጻሩ ግን የተመሰገነ ምሳሌ አለ። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የጀመሩት «ጊት» የተባለው የፕሮግራም ጽሑፍ መዝጋቢ በዊንዶውስ ላይ ሲጫን የኤችቲኤምኤል ሰነዶቹን ይዞ ይመጣል፤ «ጊት ሄልፕ» ብሎ የትእዛዙን ስም የጨመረ ሰው የድረ ገጽ ማሳያው ተከፍቶ ገጹን ከራሱ ዲስክ ያነብለታል። የፓይተን ቋንቋም «ፓይዶክ» የተባለ ክፍል አለው፤ በመሣሪያው ላይ ካሉት ፕሮግራሞች ራሱ ገጽ እያዘጋጀ በማሳያው ላይ ያወጣል። የኢንተርኔት መስመር ቢቆረጥ ሁለቱም አይሰማቸውም።

ስሙ በምን ቋንቋ?

ከዚህ በላይ የተጠቀሱት ስሞች ሁሉ የእንግሊዝኛ ስሞች ወይም የእንግሊዝኛ ስሞች ቁራጭ ናቸው። ለተማሪው ችግሩ እንደ ድጓው ምልክት ነው፤ ንባቡን አስቀድሞ ያልያዘ ሰው ምልክቱ አይጠቅመውም። በግእዝ ፊደል የተሰየመ ሰነድ በግእዝ ፊደል መጥራት እንዲቻል ሁለት ነገሮች ያስፈልጉ ነበር፤ ሁለቱም ተገኝተዋል። የመጀመሪያው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትሙ የግእዝን ፊደል መቀበሉ ነው። ሁለተኛው ዩቲኤፍ-8 የተባለው የአጻጻፍ ስልት ነው፤ በዚህ ስልት አንድ የግእዝ ፊደል በሦስት ባይት ይቀመጣል። ስልቱን በመስከረም 1992 በኒው ጀርሲ በአንድ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ላይ የነደፉት ሮብ ፓይክና ያው ከ21 ዓመት በፊት የመጀመሪያውን የዩኒክስ መመሪያ የጻፉት ኬን ቶምሰን ናቸው። ሰነድን በስሙ መጥራትን ያስለመደው ሰው፣ ስሙ አማርኛም ሊሆን የሚችልበትን በር በመክፈቱ ሥራ ተካፋይ ሆነ ማለት ነው።

በመሆኑም ዛሬ አንድ የግብርና መምህር ስለ ቆላ ሽንኩርት አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፎ፣ በገጹ ውስጥ ስለ መስኖና ስለ ችግኝ ወደሚናገሩ ሌሎች ገጾች መሸጋገሪያ አኑሮ፣ ፋይሉን «ሽንኩርት» ብሎ ቢሰይመው፣ ተማሪው በሊንክስ ወይም በሌላ ማሳያ ያንኑ ስም ጽፎ ሊያስከፍተው ይችላል። ኤችቲኤምኤልን ለመጻፍ ከተራ ጽሑፍ መጻፊያ በቀር ሌላ ፕሮግራም አያስፈልግም፤ አንድ ሺህ እንዲህ ያሉ ገጾች ሥዕል ካልገባባቸው በማናቸውም ፍላሽ ዲስክ ጥግ ላይ ይቀመጣሉ።

የሚያጋጥመው እንቅፋት ከመሣሪያው አይመጣም፤ ከፊደላችን ነው የሚመጣው። የትእዛዝ መስመር ስምን የሚያውቀው በድምፁ አይደለም፤ በፊደሉ ብቻ ነው። «ሥነ ሕይወት» ተብሎ የተሰየመ ሰነድ «ስነ ህይወት» ተብሎ ቢጠራ አይከፈትም፤ መሣሪያው የለም ይላል። ሠ እና ሰ፣ ሐ፣ ሀ እና ኀ በአማርኛ ንባብ አንድ ድምፅ ቢሆኑም በዩኒኮድ ዘንድ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሥ እና ስ ሁለት፣ ሕ፣ ህ እና ኅ ሦስት አማራጭ ስለሚሰጡ፣ የዚህ አንድ ትምህርት ስም በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። «ፀሐይ» የባሰ ነው። ፀ እና ጸ ሁለት፣ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ደግሞ ስድስት ስለሆኑ አሥራ ሁለት ስሞች ይወጡታል። በዚህ ላይ የትእዛዝ መስመር ባዶ ቦታን የቃል መለያያ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ሁለት ቃል የሆነ ስም ወይ በሰረዝ መያያዝ ወይ በጥቅስ ምልክት መታቀፍ አለበት።

የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ በምሁራን ዘንድ ለብዙ ዘመን ያከራከረ ነው፤ ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። በሊኑክስ ሥርዓት «ኤልኤን» የሚባል አጭር ትእዛዝ አለ፤ አንድን ፋይል ሳያባዛ ሌላ ስም ይሰጠዋል። የመዝገበ ቃላቱ ትክክለኛ አጻጻፍ ዋና ስም ሆኖ ሲቀመጥ፣ የቀሩት አምስቱ ወይም አሥራ አንዱ አጻጻፎች በዚህ ትእዛዝ ወደ እርሱ የሚያመለክቱ ተጨማሪ ስሞች ይሆናሉ። ተማሪው በየትኛውም ቢጠራ የሚከፈትለት ያው አንዱ ገጽ ነው፤ በገጹ አናት ላይ በትልቁ የተጻፈውን ትክክለኛ ስም ደግሞ በዚያው ያየዋል።